የኋላ እግር የሌለው ወንበር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አሮጌ ወንበር የሚሰበስብ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ሌላ ቢኖር ኖሮ እስካሁን ተጣልተን ነበር። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሆቴል ልከፍት መስሎት ነበር። ቀጥሎ ማገዶ ነጋዴ ሆነ ተባልኩ። በመጨረሻ መጽሐፍ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል ብለው ተዉኝ። እኔም ከሦስቱ ይኸኛው ስለሚሻለኝ ተቀብዬው እኖራለሁ።

የምሰበስበው ያገኘሁትን ሁሉ አይደለም። ከሰሜን አውሮፓ፣ ከነስዊድንና ከነፊንላንድ የመጡ፣ እንጨታቸው በሙቀትና በሙጫ ጎብጦ የተሠራ የድሮ ወንበሮችን ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ጎጃም ምን ይሠራል የሚል ሰው አገሩን በደንብ አልዞረም። በአንድ ዘመን የዚያ አገር ሰዎች ሊያስተምሩና ሊያክሙ ሲመጡ ዕቃቸውን ይዘው መጡ፤ ሲሄዱ ጥለውት ሄዱ። ዕቃውም ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ከረመ። አንዱን ያገኘሁት ከቀበሌ አዳራሽ ጀርባ ዶሮ ሰፍሮበት ነው። አንዱን ከትምህርት ቤት ዕቃ ቤት፣ ከተሰባበረ ዴስክ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። አንዱ አማኑኤል ከተማ፣ ጠጅ ቤት ውስጥ ነበር፤ አስተናጋጇ ሲደክማት አረፍ የምትልበት። የዚህኛው መቀመጫ ድሮ ከወፍራም ጥብጣብ የተሸመነ ነበር። ጥብጣቡ ሲበጣጠስ አንድ ሰው እንደ አልጋ በጠፍር ወጥሮታል። የበሬ ቆዳ በፊንላንድ እንጨት ላይ። ደንበኛ ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው ይህን ሲያይ ያለቅሳል፤ እኔም ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

መጀመሪያ ልቤን የወሰደው ጉብጠቱ ነው። እኛ ዘንድ እንጨት ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀጥ ያለው ለቤት፣ ጠማማው ለማገዶ። ሰውንም የምንመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው፤ ጠማማ የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ቢያደርግ አይቃናለትም። እነዚያ ሰዎች ግን ቀጥ ያለውን፣ ግንዱ ነጭ የሆነውን የአገራቸውን ዛፍ እንደ ሽንኩርት ልጠው፣ ልጣጩን በሙጫ አነባብረው፣ በሙቀት አጎበጡትና ‘እንዲህ ሆነህ ቅር’ አሉት። እሱም ቀረ። የወንበሩን ክንድ ጠርዝ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ንብርብሩን እንደ መጽሐፍ ገጽ ለይቶ ያየዋል። ከወለሉ ተነሥቶ፣ ጉልበቱ ጋ ዞሮ፣ ክንድ ሆኖ ወደ ኋላ የሚሄደው አንድ እንጨት ነው፤ የትም ላይ አልተቆረጠም፣ የትም ላይ አልተቀጠለም። እኔ በቶሎ የምገረም ሰው አይደለሁም። ሰው ሁሉ ያጨበጨበለትን ነገር ሳይ እጄን ኪሴ ውስጥ የምከት ነኝ። የመጀመሪያውን ወንበር አቧራውን ጠርጌ ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ያየሁት ዕለት ግን ቁርሴን ረሳሁ።

አባቴን ጠርቼ አሳየሁት። በከዘራው ጫፍ ጉብጠቱን ኳ ኳ አደረገው።

“ይኸ ነው?” አለኝ።

“አዎ። እንጨቱ ሳይሰበር እንዴት እንደጎበጠ እየው እስቲ።”

የከዘራውን እጀታ ወደ ዓይኔ አስጠጋው። እሱም በእሳት ተሞቆ የጎበጠ ነው። “ከዘራ ነዋ! ያንተ ፈረንጆች ከዘራ ላይ ተቀመጡ። ይኸው ነው።”

ስለ ወንበሮቼ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ እስከ ዛሬ ይህን የሚያህል አልሰማሁም።

አባቴ በወረዳ ፍርድ ቤት ሲያገለግል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሀብት የለውም፣ ሹመት አልነበረውም። ያለው ነገር ሥርዓት ነው። ከሥርዓቱ ሁሉ ደግሞ የሚበልጥበት አንዱ ነው፤ ሰው ሲገባ መነሣት። የገባው ቄስ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ጎረምሳ ይሁን፣ እግሩ ደጃፉን ሲረግጥ አባቴ ብድግ ብሎ “ኖር!” ይላል። የገባውም “በእግዜር!” ብሎ እንዲቀመጥ ይማጸነዋል። አባቴም እንግዳው ሳይቀመጥ አይቀመጥም። ይህ ልማድ በሌላው ቤት እየተመናመነ ነው፤ አሁን አሁን ወጣቱ ከስልኩ ቀና ካለልህ እንደ ትልቅ አክብሮት ትቆጥረዋለህ። እኔም በልጅነቴ ከንቱ ድካም ይመስለኝ ነበር። አባቴ ግን ሲነሣ ግማሽ መነሣት አያውቅም፤ ቂጡን ከፍ አድርጎ መልሶ የሚጥል ሰው ሲያይ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሙሉ ቁመቱን ይቆማል። ረጅም ሰው ነው።

በአንድ ክረምት ግቢያችን ውስጥ ጭቃ አንሸራትቶት ዳሌው ተሰበረ። ታከመ፣ ዳነ። በከዘራ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ይመለሳል። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለው፤ ከተቀመጠበት በራሱ መነሣት አልቻለም። መደቡ ዝቅ ያለ ነው። ሶፋው ይውጠዋል። ተራው ወንበር ክንድ ስለሌለው የሚደገፍበት የለም። ስለዚህ ሰው ሲመጣ እኔና እህቴ ግራና ቀኝ ብብቱን ይዘን እናነሣው ጀመር። “ኖር” የሚለው በሁለታችን መካከል ተንጠልጥሎ ሆነ። እንግዳውም በኀፍረት ወለሉን ያያል።

አንድ ቀን እንግዳ ካወጣን በኋላ “ከእንግዲህ አታንሡኝ” አለ።

“እንግዲያው ቁጭ እንዳልክ ተቀበላቸዋ፤ ማን ይቀየምሃል?” አለች እህቴ።

“ቁጭ ብሎ እንግዳ የሚቀበል ሬሳ ነው።”

“ሬሳ ደግሞ ይተኛል እንጂ መቼ ቁጭ ይላል!”

እህቴ ታላቄ ናት፤ ለቀልድ ጊዜና ቦታ አትመርጥም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅላት ነበር። ያን ዕለት አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው በር እንዲዘጋ አዘዘ። ለመጣ ሁሉ ተኝቷል እንድንል ነገረን። ጎረቤቶቹ ለትንሽ ጊዜ ተመላልሰው ተዉት። የነፍስ አባቱ ግን አልተዉም። የእሱ እኩያ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀልድ ከአፋቸው የማይጠፋ ቄስ ናቸው። ከቅዳሴ ሲመለሱ በራችንን ያንኳኳሉ።

“አባ፣ ተኝቷል” ትላቸዋለች እህቴ በበሩ ስንጥቅ።

“አሁንም?”

“አሁንም አባ።”

“እኔ ስመጣ ነው እንዴ እንቅልፍ የሚጥላቸው? ስብከቴ እዚህ ድረስ ይሰማል ማለት ነው” ብለው በሩን በመስቀላቸው ባርከው ይሄዳሉ። አባቴ ከውስጥ ሆኖ ድምፃቸውን ይሰማል። ምግቡ ቀነሰ። ወሬው አጠረ። ሐኪም ዳሌው ደህና ነው ይለናል። እኛ ግን ሰውየው ከዕለት ወደ ዕለት እያነሰ ሲሄድ እናያለን፤ ያ በር ካልተከፈተ መጪውን ክረምት እንደማይሻገር ሁለታችንም ሳንነጋገር አውቀናል።

እህቴ አንድ ማለዳ ሳሎኑ መካከል ቆማ ዙሪያዋን አየች። “አንተ ልጅ” አለችኝ፤ ጠጉሬ ሸብቷል፣ ለእሷ ግን ልጅ ነኝ። “ቤቱን ወንበር ሞላኸው። አንድ እንኳ ሰው የሚነሣበት የለህም?”

ከዚያ በፊት ስለ ወንበር ያላነበብኩት የለም ብዬ አስብ ነበር። ያነበብኩት ሁሉ ግን ስለ መቀመጥ ነው። ወንበርን ሰው በሚነሣበት የመዘነ አንድም ጽሑፍ ትዝ አላለኝም። ያን ቀን አባቴን በየወንበሮቼ ላይ እያስቀመጥን ሞከርን። የጠጅ ቤቱ ዝቅ አለበት። የትምህርት ቤቱ ክንድ የለውም። የቀበሌው ጭራሽ ሲደገፉት ይንቋቋል፤ ዶሮ እንጂ ሰው አይችልም። አባቴ በትዕግሥት ተቀመጠ፣ በትዕግሥት ተነሣ፣ ማለትም አነሣነው። በመጨረሻ “በቃ፣ የወንበሮቹን ዘመድ ሁሉ ተዋወቅኩ” አለና ወደ መኝታው ሄደ።

በዚያው ሰሞን አምበር ከተማ የሚያስተምር ወዳጄ በስልክ ፎቶ ላከልኝ። ጸሐይ ላይ የቆመ ወንበር ነው። ፊቱ አብረቅራቂ፣ ጎባጣ፣ የታወቀ የሰሜን አውሮፓ እጅ ሥራ። ከኋላው ግን ልጡ እንኳ በደንብ ያልተላጠ ሁለት የባሕር ዛፍ እግር ተቸንክሮበታል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁና ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ይህን ወንበር አውቀዋለሁ። በመጽሐፍ ነው የማውቀው። ሲፈጠር የኋላ እግር የለውም። ሁለቱ ጎባጣ እንጨቶች ወለሉ ላይ ተጋድመው ከፊት ብቻ ይነሡና መቀመጫውን ከነሰውየው አየር ላይ ይይዙታል። ከኋላ ባዶ ነው። ሰው ሲቀመጥበት እንጨቱ ትንሽ ይለመጣል፤ የሚለመጥ ነገር መልሶ ይገፋል፤ የሚገፋ ነገር አባቴን ያነሣል። ስሌቴ ይኸ ነበር። ሰብሳቢነቴና የአባቴ ልጅ መሆኔ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው።

መንገዱ ደህና በሆነ ሳምንት ወደ አምበር ሄድኩ። የወንበሩ ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። ባልየው ድሮ የፈረንጆቹ ክሊኒክ ዘበኛ ነበር። ወንበሩን ከደጃቸው፣ ከግድግዳው ጥግ አገኘሁት፤ በርበሬ ተሰጥቶበታል።

“እማማ፣ ይህ ወንበር ድሮ የኋላ እግር አልነበረውም አይደል?”

“በምን አወቅህ? አልነበረውም። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ለባለቤቴ የሰጡት እንዲያው ተሰብሮ ነው። ‘ደህና ደህናውን ለሹማምንቱ፣ ስባሪውን ለዘበኛው’ እያለ ሲበሳጭ ከርሞ፣ በኋላ ባሕር ዛፍ ቆርጦ እግር አበጀለት።”

“የተሰበረ አልነበረም እኮ። ሲሠራም እንዲያው ነው።”

“ሲሠራም?”

“ሲሠራም። ሁለት እግር ብቻ።”

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። “ምነው፣ እንጨት አጥሯቸው?”

“እንጨትስ ሞልቷቸዋል።”

“እንግዲያ ሰነፎች ናቸዋ!”

ስለ ጉብጠቱና ስለ ንብርብሩ ላስረዳቸው ሞከርኩ። በትሕትና ሰሙኝ። ከዚያ የራሳቸውን ነገሩኝ። “ያለ እግሩ ሳለ ሰው አልተቀመጠበትም። እንግዳ ይመጣል፣ በእጁ ገፋ ገፋ ያደርገውና ሲወዛወዝ ሲያይ ‘መደቡ ይበቃኛል’ ይላል። እንግዳ የሚፈራው ወንበር ደግሞ ቤትን ያዋርዳል። እግሩን ካበጀለት ወዲህ ማን ያልተቀመጠበት አለ? የልጄ ሽማግሌዎች የተቀመጡት በዚህ ነው።”

ወንበሩን እንዲሰጡኝ ለምን እንደፈለግሁት አልደበቅኋቸውም፤ የአባቴን ነገር ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና “መነሣት አቅቷቸው ነው በር የዘጉት?” አሉ። “አዬ፣ የጨዋ ልጅ።” ከዚያ ወዲያው ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። “እንግዲያ ለእኔ ፕላስቲክ ታመጣልኛለህ። ሁለት። ያንን የሚደራረበውን። የማርያም ማኅበር ተራዬ እየደረሰ ነው።”

አንባቢ ሊያውቅልኝ የሚገባ ነገር አለ። ስለ ፕላስቲክ ወንበር አንድ ረጅም መጣጥፍ ጽፌያለሁ፤ ከዚያ የባሰ ስድብ ለዕቃ የጻፍኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። በሳምንቱ ሁለት አረንጓዴ ፕላስቲክ ወንበር ተደራርቦ ራሴ ላይ እንደ ቆብ ደፍቼ አምበር ገባሁ። አሮጊቷ አንዱን አስቀምጠው ተቀመጡበት፤ ተመቻቸው፤ ፊታቸው በራ። መጣጥፌን በሆዴ ደግሜ አነበብኩትና አንዳንድ ቦታ እንደተጋነነ ተረዳሁ።

ወንበሩን ልወስድ ስል እጃቸውን የባሕር ዛፉ እግር ላይ አሳረፉ።

“ልትነቅላቸው ነው መቼም።”

“አዎ እማማ። እንደ ተወለደ እንዲሆን።”

“ንቀላቸው፤ አትጣላቸው ግን። ማገዶም አታድርጋቸው። የሱ እጅ ናቸው።”

ቃል ገባሁ። ሚኒባሱ ላይ ስጭነው ረዳቱ “ይኸ ተሳፋሪ ነው ወይስ ትርፍ?” አለ። “አራት እግር ስላለው እንደ በግ ቁጠረው” አልኩት፤ ጣሪያው ላይ ከአንድ እውነተኛ በግ ጎን አሰረው።

በማግስቱ እሁድ ግቢው ውስጥ ችንካሮቹን ነቀልኩ። የባሕር ዛፉ እግሮች እየተንቋቁ ወጡ። ወንበሩን አገላብጬ በፊት እግሮቹ አቆምኩት። ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። አይወድቅም። ከጀርባው ምንም የለም፤ በመቀመጫው ሥር አሻግሬ የእህቴን የጎመን መደብ አየሁ። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። እንጨቱ ዝቅ አለ፣ ቆመ፣ ያዘኝ። የአንድን ሰው ሙሉ ክብደት፣ መጽሐፉንም ትዕቢቱንም ጨምሮ፣ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ልጣጭ አየር ላይ ያዘው። ይህን ያሰበው ሰው መጀመሪያ ሲቀመጥበት ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ ሳስብ ቆየሁ። ብዙ ትላልቅ ሕንፃ አይቻለሁ፤ ወደ ላይ አንጋጥጬ እንዲህ ትንፋሽ ያጠረኝ የለም።

“ተነሥ እስቲ እኔም ልየው” አለች እህቴ። ተቀመጠች፣ ተወዛወዘች፣ “እሰይ!” አለች። “ዛሬስ አልሰድብህም።”

ወንበሩን ሳሎን አስገብተን አባቴን አስቀመጥነው። ጀርባውን ሲያስደግፍ ወንበሩ ዝቅ ብሎ ተቀበለው። ዓይኑ ፈጠጠ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተከደነ።

“ወይ ጉድ” አለ።

“ተመቸህ?”

“ጥሩ በቅሎ ነው። ሰጋር።”

በዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ከተሰበረ ወዲህ በቀን ተኝቶ አይተነው አናውቅም፤ ለእንግዶች የምንናገረው ውሸት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆነ። እኔና እህቴ ቆመን አየነው። ረጅም እግሮቹ ተዘርግተው፣ እጆቹ ጎባጣው ክንድ ላይ አርፈው፣ ሲተነፍስ ወንበሩ አብሮት ጥቂት ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል። እንጨቱ የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

ዕቃ ሳስገባ የግቢውን በር እንዳልዘጋሁት የታወሰኝ “ቤቶች!” የሚል ድምፅ በረንዳው ላይ ስሰማ ነው። የነፍስ አባቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሩን ክፍት አግኝተው ገብተዋል።

አባቴ ባነነ። ማን እንደመጣ ከድምፁ ዐወቀ። እጆቹን ክንዱ ላይ ጥሎ ተጫነ። ወንበሩ አብሮት ዝቅ አለ። እንደገና ተጫነ፤ ወንበሩ እንደገና በፍቅር ተቀበለው። የስሌቴ ስሕተት ዓይኔ ፊት እየተወዛወዘ ነበር። የሚለመጥ ነገር መልሶ እንደሚገፋ አውቄያለሁ፤ ወደ ላይና ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ እንደሚያስተኛ ግን አላሰብኩም። ወንበሩ የተሠራው ጋደም ለሚል ሰው ነው። በጉልበት የሚነሣበት ጎልማሳ ነው፤ ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ ውስጡ ይቀራል። እኔና እህቴ ተንደርድረን ሳንደርስ አባ ደጃፉን ረገጡ።

“ኖር” አለ አባቴ። ከጉድጓድ ውስጥ የተባለ ይመስል ነበር።

“በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ እንዳይነሡ!” አሉ አባ፤ ፈጥነው ጎንበስ ብለው መስቀሉን ግንባሩ ላይ አደረጉለት። ለማሳለም ብዙ ጎንበስ ማለት ነበረባቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቅዳሴው፣ ስለ ዲያቆናቱ ድምፅ አወሩ። ቀለዱ። አባቴ በየቦታው “አዎ አባ” አለ። ብዙም ሳይቆዩ ተነሡ።

ሲወጡ አባቴ ጠራኝ።

“ይህን የሠራው ማን ነው?”

“የፊንላንድ ሰዎች ናቸው።”

“ሰው አይመጣባቸውም?”

ትንሽ አሰብኩ። “አገሩ ብርድ ነው፣ ቤቱም የተራራቀ ነው ይላሉ። ብዙ አይመጣባቸውም መሰለኝ።”

“እንዲያ በል። ሥራው ግሩም ነው። ለነሱ” አለ። ከዚያ ለእህቴ “በሩን ዝጊው።”

ያን ማታ ራት አልበላም። በማግስቱም ቁርሱን ሳይነካ መለሰ። እኔ ወንበሩን ሳሎኑ ጥግ አቁሜ አየዋለሁ፤ ውበቱ በምንም አልቀነሰም፣ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። እህቴ ከዕቃ ቤት ሁለቱን የባሕር ዛፍ እግር ይዛ መጣች።

“መልስለት” አለችኝ።

“ያበላሸዋል። ይህ ወንበር ማለት እኮ ከኋላው ምንም አለመኖሩ ነው።”

“አባባስ?”

እንጨቶቹን እግሬ ሥር አስቀምጣ ወጣች።

በድሮዎቹ ቀዳዳዎች መልሼ ቸነከርኳቸው። ያን ጊዜ ነው ከዚያ በፊት በንቀት ሳላየው ያለፍኩትን ያየሁት። የባሕር ዛፉ እግሮች ረጅም ናቸው፤ መቀመጫውን ከኋላ ከፍ አድርገው ወደ ፊት ያደፉታል። ወንበሩ ሊወጋ የተዘጋጀ በሬ መሰለ። መወዛወዙ ቀረ፣ አየሩ ቀረ፣ ያ ሁሉ ተአምር ግትር ብሎ ቆመ። አባቴን ጠራሁት፤ “ደግሞ ምን አመጣህ?” እያለ መጣ፣ ተቀመጠ።

“ያንሸራትታል” አለ።

“ይመቻል?”

“ኧረ ምን ይመቻል! ከቤት የሚያባርር ወንበር ነው።”

ያለውን ነገር ራሱ ሰማው። ጫማዎቹን ወደ ራሱ ሰበሰበ። ሁለቱን መዳፎች ጎባጣው ክንድ ላይ፣ በትክክል ጉብጠቱ ላይ አሳረፈ። ወደ ፊት አዘነበለ፤ መቀመጫውም አብሮት ስላዘነበለ ግማሹ መንገድ ቀድሞ አልቆ ነበር። እህቴ እጇን ልትዘረጋ ስትል በዓይኑ ከለከላት። ከዚያ ወደ ላይ መጣ። በዝግታ፣ መጀመሪያ ወገቡ፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ በመጨረሻ ራሱ፤ እንደ ድንኳን ምሰሶ። ሙሉ ቁመቱን ቆመ። ለካ ከተሰበረ ወዲህ ቁመቱን ረስተነው ነበር። ሳሎኑን ከላይ ሆኖ ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ከረጅም መንገድ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ይመስል ነበር። እኔ በመጽሐፍ ገጾች ላይ ስንት ጊዜ ያደነቅሁት ጉብጠት በአባቴ መዳፍ ሥር ነበር፤ ምን እንደሚሠራ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እንደገና ተቀመጠ። እንደገና ተነሣ። ምሳ እስኪደርስ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

እኔ መቼም ዝም ማለት አልችልም፤ መጣጥፍ በራሴ ውስጥ መፍላት ጀምሯል። ስሙ የማይታወቅ የአምበር ዘበኛ፣ የሰሜኑን ሰው ሐሳብ በእኛ ሥርዓት አርሞ፣ ለመነሣት የሚሆን ወንበር ፈለሰፈ! ማረጋገጫ ፈልጌ ለወዳጄ ደወልኩና ስልኩን ለአሮጊቷ እንዲያቀብልልኝ ለመንኩት።

“እማማ፣ ባለቤትዎ እግሮቹን ሆን ብለው ነው ያስረዘሟቸው? ሰው በቀላሉ እንዲነሣ?”

“የትኞቹን?”

“የወንበሩን። ወደ ፊት ያደፋል እኮ።”

“ኧረ ልጄ፣ ሆን ብሎ ብሎ ነገር የለም! እሱ ለክቶ አያውቅም። ጠረጴዛችንም ወደ በሩ ያዘነበለ ነው፤ ሹሮ ስናቀርብ ወደ እንግዳው ይፈሳል። ይልቅ አባትህ እንዴት ሆኑ?”

“ተነሡ እማማ።”

“በሱ እግር?”

“በሱ እግር።”

“እሰይ” አሉ። “እሰይ። ተመስገን።” ከዚያ ስልኩ ውስጥ ለማን እንደሆነ ያላወቅሁት፣ ምናልባት ለሞተው ሰው፣ “ሰማህ?” ሲሉ ሰማሁ። መጣጥፉ በዚያው ቀረ። እግሮቹ የስሕተት ሥራ ነበሩ። የተሰበረ ለመሰለው ነገር ያዘነ ሰው፣ ሳይለካ የቆረጠው እንጨት። ከሰሜን ከመጣው ሊቅነት እኩል እሱም ትንፋሽ ያሳጥረኛል፤ ለዚህኛው ግን የማነበው መጽሐፍ አላገኘሁለትም።

በሚቀጥለው እሁድ አባቴ ነጭ ጋቢውን አስወጥቶ ለበሰ። ወንበሩን ከበሩ ትይዩ እንድናደርገው አዘዘ። “የግቢውን በር ክፈቱት” አለ፤ “አባን ማንም አይጥራቸው። ራሳቸው ይምጡ።”

የቅዳሴው ሰዓት አለፈ። አባቴ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ወደ ፊት አዘንብሎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። እህቴ ሁለት ጊዜ ወደ በረንዳ ወጥታ ተመለሰች። እኔ መጽሐፍ ገልጬ አንድ ገጽ ላይ ቀረሁ። ከዚያ በጠጠሩ ላይ የእርምጃ ድምፅ፣ ከዚያም “ቤቶች! ዛሬም ተኝተዋል?”

አባቴ መዳፎቹን ጉብጠቱ ላይ አሳረፈ። አባ ደጃፉን ሲረግጡ እሱ ቆሞ ነበር፤ በራሱ፣ ማንም ሳይነካው።

“ኖር!”

አባ መልሱን ረሱት። መስቀሉን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቀሩ፤ ያ ሁሉ ቀልዳቸው የት እንደገባ እንጃ። ከዚያ “በእግዜር” አሉ። “በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ ይቀመጡ!”

“እርስዎ ሳይቀመጡ?”

“እኔማ ቆሜ ነው የዋልኩት፤ ለምጄዋለሁ። ይቀመጡ እባክዎ።”

“አይሆንም አባ። መጀመሪያ እርስዎ።”

“የመድኃኔ ዓለም ያለህ፣ ይቀመጡ እንጂ!”

“ቁጭ ብዬ የከረምኩት ይበቃኛል።”

አባ ሳቁ፤ አልተቀመጡም። አባቴ አልተቀመጠም። አባቴ ሳይቀመጥ እህቴ አትቀመጥም፣ እኔም አልደፍርም። ቤቱ ሙሉ ወንበር ነው፤ አራታችንም ቆመን ቀረን።